ተቃውሟችን ሁልጊዜ ከ21ዱ ቀን በኋላ የሚደርሰው ለምንድን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በዚሁ የአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ፣ በለንደን የሚኖሩ አንድ ወገናችን ለዓመታት መኪናቸውን ያቆሙበት በነበረው መንገድ ላይ በድንገት ቢጫ መስመር ተሠምሮ በማግኘታቸውና ተደጋጋሚ ቅጣት በመክፈላቸው የተሰማቸውን ምሬት ገልጸው ነበር። ካውንስሉ፣ ማለትም የወረዳው አስተዳደር፣ ይህን ያደረገው ማንንም ሳይጠይቅና ገንዘብ ለመሰብሰብ ሲል ብቻ እንደሆነም ጽፈዋል። ምሬታቸውን እረዳለሁ። ይሁን እንጂ ማንንም ሳይጠይቅ የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ ለገንዘብ ሲል ብቻ የሚለው ደግሞ ማስረጃ ከተገኘለት ካውንስሉን ፍርድ ቤት ሊያስረታው የሚችል ከባድ ክስ ስለሆነ፣ ሁለቱም እንዲሁ በንዴት ተነግረው መታለፍ የለባቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት የቅጣት ደብዳቤ ይዘው ለሚመጡ ወገኖች መልስ በመጻፍ ስለማግዝ፣ ነገሩ የሚበላሽበትን ቦታ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የሚበላሸው በአብዛኛው ቅጣቱ ከመምጣቱ ከወራት በፊት፣ መቃወም ይቻል በነበረበትና ማንም ባልተቃወመበት ጊዜ ነው።

በእንግሊዝ አገር አንድ ካውንስል በአንድ መንገድ ላይ መኪና እንዳይቆም፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲነዳ ወይም በተወሰነ ሰዓት እንዳይታለፍ ለመከልከል ቀለም መቀባትና ምልክት መትከል ብቻ አይበቃውም። ከቀለሙ ጀርባ የትራፊክ ትዕዛዝ የሚባል ሕጋዊ ሰነድ መኖር አለበት። ሥልጣኑ የሚመነጨው በ1984 ከወጣው የመንገድ ትራፊክ ቁጥጥር አዋጅ ሲሆን (ዓ.ም. ብዬ ከለየሁት በስተቀር በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ትዕዛዙ የሚወጣበትን ሥርዓት የሚወስነው ደግሞ የ1996ቱ ደንብ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ካውንስሉ በቅድሚያ ፖሊስን፣ የጭነት ማመላለሻ ማኅበራትን፣ ጉዳዩ አውቶቡስ የሚነካ ከሆነም አውቶቡስ የሚያንቀሳቅሱትን ድርጅቶች ማማከር አለበት። ከዚያም ያሰበውን በአካባቢው በሚሰራጭ ጋዜጣ፣ በለንደን ከሆነ ለንደን ጋዜት በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣም ጭምር ያሳውቃል። ረቂቁን ትዕዛዝ፣ ካርታውንና ምክንያቱን የሚያስረዳውን ጽሑፍ ማንም ሰው እንዲያይ ክፍት ያደርጋል። ከማስታወቂያው በኋላ ቢያንስ 21 ቀን ለተቃውሞ ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማንኛውም ሰው ተቃውሞውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል፤ ካውንስሉም የቀረበለትን ተቃውሞ ሳይመረምር ትዕዛዙን ማጽደቅ አይችልም። የአካባቢው ነዋሪ መሆን፣ ዜግነት ማግኘት ወይም የካውንስል ግብር ከፋይ መሆን አይጠየቅም። በዚያ መንገድ ላይ ዕቃ የሚያወርድ ነጋዴም፣ እሑድ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ምእመንም መጻፍ ይችላል።

ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። በየመብራት ምሰሶው ላይ ታስሮ የምናየው ወረቀት በሕጉ የግድ የተባለ አይደለም። ሕጉ የሚያስገድደው የጋዜጣውን ማስታወቂያ ነው፤ በመንገዱ ላይ መለጠፍና ለየቤቱ ደብዳቤ መላክ ካውንስሉ ተገቢ መስሎ ሲታየው የሚያደርገው ተጨማሪ እርምጃ ነው። አብዛኞቹ ካውንስሎች ይለጥፋሉ፤ ነገር ግን እንዴት እንደሚለጥፉ ማየት ያስፈልጋል። በቅርቡ በሰፈሬ ያነበብኩት ማስታወቂያ በላስቲክ ከረጢት ገብቶ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ በፕላስቲክ ማሰሪያ የተጠፈረ ነበር። ዝናብ ከላይ ገብቶበት የመጀመሪያው አንቀጽ ቀለሙ ፈስሷል። የቀረው ክፍል ከዚህኛውና ከዚያኛው ቁጥር ቤቶች የጋራ ወሰን ጀምሮ ወደ ደቡብ ይህን ያህል ሜትር እያለ የሚቀጥል የመሬት ልኬት ነው። መቃወሚያው የሚያበቃበት ቀን የሰፈረው ከሥር፣ ከመጨረሻው በፊት ባለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነበር። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው እንኳ በእግሩ እያለፈ ሊያነበው የሚችል ነገር አይደለም፤ ሌሊት ሠርቶ ጎህ ሲቀድ ወደ ቤቱ የሚገባ የታክሲ ሾፌርማ ምኑን ያየዋል?

በእኛ በኩል ያለውም ችግር መነገር አለበት። አብዛኞቻችን ያደግነው የመንግሥት ክልከላ ተወስኖ ካለቀ በኋላ በሚሰማበት አገር ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በአዲስ አበባ ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ ሲወሰን፣ በሞተር ዕቃ በማመላለስ ይተዳደሩ የነበሩ ወጣቶች ውሳኔውን የሰሙት እንደማንኛውም ሰው በዜና ነው። ከዚያ ወዲህ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ወጥቶ፣ መመሪያ ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ ቢደነግግም፣ ልማድ ከአዋጅ ጋር እኩል አይለወጥም። ይህንኑ ልማድ ይዘን መጥተን፣ እዚህም ካውንስል ማለት ውሳኔውን የሚነግረን አካል ብቻ ይመስለናል። ስለዚህ ከካውንስሉ የሚመጣ ደብዳቤ ቅጣት ካልሆነ አንከፍተውም። ከፍተን ብናየውም አስተያየት ይስጡ የሚለውን ለወጉ ያህል የተጻፈ አድርገን እንተወዋለን።

ውጤቱ ምን እንደሚመስል ከቅዳሜው ሥራዬ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የግል ታክሲ የሚነዱ አንድ ወንድማችን፣ ለወትሮው በሚያቋርጡት የመኖሪያ ሰፈር መንገድ ላይ ካሜራ ተተክሎ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ የቅጣት ወረቀት ደረሳቸው። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በለንደን ለእንዲህ ዓይነቱ ጥፋት ሙሉ ቅጣቱ 160 ፓውንድ ነው፤ በ14 ቀን ውስጥ ለከፈለ 80 ፓውንድ ይሆናል። እኚህ ሰው መንገዱ የተዘጋው ያለ አግባብ መሆኑን፣ ዋናው መንገድ መጨናነቁንና ደንበኛን በሰዓቱ ማድረስ እንዳልቻሉ የሚያስረዳ ረዥም ደብዳቤ አስጽፈው ላኩ። ካውንስሉ ሳይቀበላቸው ሲቀር ወደ ገለልተኛው የትራፊክ ቅጣት ዳኛ ይግባኝ አሉ። ይግባኙ ምንም ክፍያ የለውም፤ ዳኞቹም በእውነት ከካውንስሉ ነጻ ናቸው። ነገር ግን ዳኛው የሚመረምረው ጥፋቱ ተፈጽሟል ወይ፣ ምልክቱ በደንቡ መሠረት ተተክሎ ይታይ ነበር ወይ፣ የቅጣቱ ሥርዓት ተጠብቋል ወይ የሚለውን እንጂ፣ መንገዱ መዘጋቱ መልካም ሐሳብ ነበር ወይ የሚለውን አይደለም። እኚህ ወንድም ያቀረቧቸው ምክንያቶች ጥሩ ምክንያቶች ነበሩ። ሆኖም መቅረብ የነበረባቸው ለሌላ አካል፣ በሌላ ጊዜ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ትዕዛዙን ራሱን መቃወም የሚፈልግ ሰው፣ ከጸደቀ በኋላ ያለው መንገድ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ለዚያም ትዕዛዙ ከወጣበት ቀን ጀምሮ 6 ሳምንት ብቻ አለው። ወጪው ለአንድ ግለሰብ የሚቻል አይደለም፤ ፍርድ ቤቱም ቢሆን ካውንስሉ ከሥልጣኑ አልፏል ወይም ሥርዓቱን ጥሷል ካልተባለ በቀር በውሳኔው ጥሩነትና መጥፎነት ውስጥ አይገባም።

ወደ ገንዘቡ ጉዳይ ልምጣ። ካውንስል በፓርኪንግ ገቢ የበጀት ቀዳዳ ለመድፈን ሥልጣን የለውም። ይህ በ2013 ባርኔት በተባለው የሰሜን ለንደን ካውንስል ላይ ተፈርዷል። ካውንስሉ የነዋሪዎችን ዓመታዊ የፓርኪንግ ፈቃድ ከ40 ወደ 100 ፓውንድ፣ የእንግዳ ማቆሚያ ኩፖኑን ከ1 ወደ 4 ፓውንድ ከፍ አድርጎ ነበር። ነዋሪዎች ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ የ1984ቱ አዋጅ ቀረጥ ለመሰብሰብ የወጣ ሕግ አለመሆኑን ገልጾ፣ ትርፍ ለማግኘት ታስቦ የተደረገው ጭማሪ ሕገወጥ ነው ሲል ወሰነ። በሌላ በኩል ግን፣ ቁጥጥሩ በሕጋዊ ምክንያት ተጀምሮ ሳለ ገንዘብ ቢተርፍ፣ መትረፉ ብቻውን ሕገወጥ አያደርገውም። ሕጉ ትርፉ ለፓርኪንግ ማሻሻያ፣ ለመንገድ ሥራና ለሕዝብ ትራንስፖርት በመሳሰሉ ጉዳዮች ላይ እንዲውል ያዝዛል። በለንደን ከዚህ ገንዘብ ብዙው የሚውለው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በነጻ ለሚጓዙበት ካርድ ነው። ልጁ በቢጫ መስመር ላይ ቆሞ የከፈለው ቅጣት እናቱን በነጻ አውቶቡስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳቸዋል እንደማለት ነው፤ ለተቀጣው ሰው ግን ይህ ብዙ የሚያጽናና አይመስለኝም።

ስለዚህ ካውንስሉ ገንዘብ ፈልጎ ነው ብሎ በተቃውሞ ደብዳቤ ላይ መጻፍ ማስረጃ ከሌለው በቀር ዋጋ የለውም። ማስረጃ ከተፈለገ ግን ካውንስሉ ውሳኔውን ያሳለፈበት ሪፖርት በድረ ገጹ ላይ አለ፤ የጎደለ ካለም በመረጃ ነጻነት ሕጉ መሠረት በኢሜይል ብቻ መጠየቅ ይቻላል። የባርኔት ካውንስል የተረታው የገዛ ሰነዶቹ የጭማሪውን ዓላማ ስለመሰከሩበት ነው።

ወቀሳዬን ወደ ካውንስሎቹ የማዞረው የሙከራ ትዕዛዝ የሚባለው ላይ ስደርስ ነው። መደበኛው አሠራር አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ተቃውሞ መስማት፣ ከዚያ መወሰን ነው። የሙከራ ትዕዛዝ ግን ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። ካውንስሉ ማስታወቂያ ካወጣ ከ7 ቀን በኋላ ክልከላውን ሥራ ላይ ማዋል ይችላል፤ የተቃውሞው ጊዜ የሚጀምረው ክልከላው ከጀመረ በኋላ ሲሆን የሚቆየውም 6 ወር ነው። ትዕዛዙ በጠቅላላው ከ18 ወር በላይ ሊቆይ አይችልም፤ ከዚያ በፊት ወይ በቋሚነት ይጸናል፣ ወይ ይቀራል። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም። አንድ መንገድ ቢዘጋ ትራፊኩ ወዴት እንደሚሄድ በወረቀት ላይ ከመገመት ሞክሮ ማየት ይሻላል፤ ሰውም ያላየውን ነገር ከሚቃወም ያየውን ቢቃወም የተሻለ ይናገራል።

ችግሩ የመጣው መሣሪያው ከዓላማው ውጭ ሲውል ነው። በሜይ 2020፣ በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት፣ መንግሥት ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን ቦታ በአስቸኳይ እንዲለቀቅ 250 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ ካውንስሎችን አጣደፈ። ገንዘቡ በፍጥነት ሥራ ላይ መዋል ስለነበረበት፣ በለንደን በርካታ ካውንስሎች በኤልቲኤን ስም የሚታወቁትን፣ መኪና በውስጣቸው አቋርጦ እንዳያልፍ የተደረጉ ሰፈሮችን በሙከራ ትዕዛዝ መሠረቱ። ሰው አንድ ቀን ጠዋት ሲነሳ በመንገዱ መሐል የእንጨት የአበባ ሳጥን ተደርድሮ፣ ካሜራ ተሰቅሎ አገኘ። የዋንድስወርዝ ካውንስል የራሱን በጥቂት ጊዜ ውስጥ አገደ፤ ኢሊንግም በቀጣዩ ዓመት አብዛኞቹን አነሳ። ሌሎቹ ግን ቀጠሉበት፤ ዛሬም ድረስ ብዙዎቹ በቋሚነት ጸንተው አሉ።

ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ጎጂ የሚሆነው ልክ እንደኛ ባለው ማኅበረሰብ ላይ ነው። በመደበኛው አሠራር ዝም ያለ ሰው የሚያጣው አንድ ዕድል ነው። በሙከራው አሠራር ግን ዝም ያለ ሰው ዝምታው ራሱ እንደ መረጃ ይቆጠርበታል፤ ከ6 ወር በኋላ በሚቀርበው ሪፖርት ላይ ከዚህ አካባቢ ይህን ያህል ተቃውሞ ብቻ ቀረበ ተብሎ ይጻፋል። በ2021 አንዲት አካል ጉዳተኛ ነዋሪ የላምበዝ ካውንስል በእኩልነት ሕጉ መሠረት የሚጠበቅበትን ጥናት ሳያጠናቅቅ መንገድ ዘግቷል ብለው ሲከሱ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክሱን አልተቀበለውም። በሙከራ ትዕዛዝ ላይ ጥናቱ ከሙከራው ጋር እየተሟላ ሊሄድ ይችላል የሚል ነበር መልሱ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በቀጣዩ ዓመት ይህንኑ አጸናው። የሚያሳዝን ቢሆንም ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ካውንስሉ ሕዝቡን እየተከታተለ ያጠናል ከተባለ፣ በእነዚያ 6 ወራት ውስጥ የእኛ ሰዎች ጉዳት በጽሑፍ ካልደረሰው በጥናቱ ውስጥ አይኖርም።

ያው የላምበዝ ካውንስል በሜይ 2025 በሌላ ክስ ተሸነፈ። የዌስት ደልዊች ነዋሪዎች መንገዳቸው ከመዘጋቱ በፊት በነበረው የምክክር ወቅት 53 ገጽ የሚሆን ዝርዝር ማስረጃ አዘጋጅተው ለካውንስሉ ሰጥተው ነበር። ውሳኔ ሰጪዎቹ ያንን ሰነድ ከግምት ሳያስገቡ ትዕዛዙን ማውጣታቸው ተረጋገጠ፤ ዳኛውም ውሳኔው ሕገወጥ ነው አሉ። ነዋሪዎቹ በሌሎቹ የክስ ነጥቦች አልተሳካላቸውም። ያሸነፉት በአንዱ ብቻ ነው፤ በጊዜው፣ በጽሑፍ፣ ለሚመለከተው አካል በሰጡት ወረቀት። ያ ሰነድ ባይኖር ኖሮ የቱንም ያህል ቢያዝኑ ፍርድ ቤቱ የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

ታዲያ ምን ዓይነት ተቃውሞ ነው ክብደት የሚኖረው? አዋጁ ካውንስሉ ሥልጣኑን ሲጠቀም የተሽከርካሪና የእግረኛ እንቅስቃሴ የተቀላጠፈ፣ ምቹና አደጋ የሌለበት እንዲሆን፣ በቂ ማቆሚያም እንዲኖር እንዲያስብ ያዘዋል፤ ወደ ቤትና ወደ ንግድ ቦታ መግቢያ መኖሩን፣ የአካባቢውን ለኑሮ ምቹነት፣ የአየር ጥራትንና የአውቶቡስን መተላለፍ እንዲመዝንም ይጠይቃል። ስለዚህ ደብዳቤው ከእነዚህ አንዱን ሲነካ ይደመጣል። ምግብ ቤት ያላት እህት ንግዴ ይሞታል ብላ ብቻ ከምትጽፍ፣ እንጀራና ሥጋ የሚያራግፈው መኪና በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም፣ አዲሱ መስመር ከተሠመረ በኋላ በአቅራቢያ የሚቆምበት ስፍራ ከየት እስከ የት እንደሆነ ብትጽፍ፣ የትራፊክ መሐንዲሱ መልስ መስጠት የሚገደድበት ነገር ይሆናል። አንድ ዓይነት ጽሑፍ አባዝቶ መቶ ሰው ማስፈረም ልማዳችን ነው፤ ካውንስሎች ግን ይህን ብዙውን ጊዜ እንደ አንድ አቤቱታ ይቆጥሩታል። በየራሳቸው ሁኔታ ተጽፈው የመጡ ዐሥር ደብዳቤዎች ከዚያ ይበልጣሉ።

ስለ እሑድ ትንሽ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ለእኛ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። ብዙ ካውንስሎች ከሰኞ እስከ ዓርብ የነበረውን የፓርኪንግ ቁጥጥር ወደ ቅዳሜና እሑድ እያስፋፉ ነው። አንድ ካውንስል፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልገኝም፣ በቤተ ክርስቲያናችን ዙሪያ ባሉ መንገዶች ላይ ይህንኑ ለማድረግ ማስታወቂያ ባወጣ ጊዜ፣ አንዲት በካውንስል ቢሮ ትሠራ የነበረች ምእመን በአጋጣሚ አይታ ለሰበካ ጉባኤው ነገረች። በቀረው ጊዜ የተጻፈው ደብዳቤ የእምነት ነጻነታችን ተነካ በሚል አልጀመረም። ካህናትና ዲያቆናት ሌሊቱን ማኅሌት ለመቆም አውቶቡስ በሚጠፋበት ሰዓት እንደሚመጡ፣ ቅዳሴው ሲያልቅ ረፋድ እንደሚሆን፣ መቋሚያ ተደግፈው የሚቆሙ አረጋውያንን ልጆቻቸው በመኪና እንደሚያመጧቸው፣ ከጥምቀትና ከትንሣኤ በስተቀር ያለው የመኪና ብዛት ምን ያህል እንደሆነ፣ ብዙዎቹም ከሌሎች ወረዳዎች ስለሚመጡ የነዋሪ ፈቃድ ማግኘት እንደማይችሉ በቅደም ተከተል ዘረዘረ። በመጨረሻም የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ካውንስሉ ውሳኔው በሃይማኖት፣ በዕድሜና በአካል ጉዳት ላይ የሚያመጣውን ተጽዕኖ እንዲያስብበት ግዴታ እንደሚጥልበት ጠቅሶ፣ ይህ ጥናት ተሠርቶ ከሆነ እንዲሰጠን ጠየቀ።

ካውንስሉ የእሑዱን ቁጥጥር አልተወውም። የሚጀምርበትን ሰዓት ግን ከጠዋት ወደ ከሰዓት በኋላ አዛወረው። በጎረቤት የሚኖሩ ሰዎችም መኪና የሚያቆሙበት አጥተው ይቸገሩ ስለነበር፣ እኔ በግሌ ውሳኔው ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። ከእኛው መካከል ይህን አልቀበልም ብለው የተቆጡ ነበሩ፤ የሰው ደጃፍ ዘግቶ ቅዳሴ መግባት መብት እንዳልሆነ ግን መናገር አለብን።

ካውንስሎቹም በምክክር ስም የሚያቀርቡልን ነገር ብዙ ጊዜ ምክክር አይደለም። በኢንተርኔት የሚሞላው ቅጽ አየሩ ንጹሕ፣ ልጆች በሰላም የሚጫወቱበት መንገድ ይፈልጋሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ የማይፈልግ ማን አለ? በእርስዎ ቤት በር ላይ ያለው ማቆሚያ ይነሳ ወይ ብሎ ግን አይጠይቅም። በዚህ አገር ሕግ ምክክር ምን መምሰል እንዳለበት ተወስኖ ያለቀ ነገር ነው። በ1985 በብሬንት ካውንስል ላይ በቀረበ የትምህርት ቤቶች ጉዳይ እንደተባለው፣ ምክክር የሚደረገው ሐሳቡ ገና ሳይጸና ነው፤ ሕዝቡ አመዛዝኖ እንዲመልስ በቂ ምክንያትና በቂ ጊዜ ይሰጠዋል፤ የተገኘውም መልስ ከልብ ይታሰብበታል። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሃሪንጌ ካውንስል የግብር ቅናሽ ጉዳይ ላይ እነዚህኑ መርሆች አጽንቶ፣ ካውንስሉ ሌሎች አማራጮች እንደነበሩ ለሕዝቡ ሳይናገር መቅረቱን ነቅፏል። እነዚህ መርሆች የመንገድ ጉዳይ ላይ ሲደርሱ ብዙ ካውንስሎች ይረሷቸዋል። ካርታው ተሥሎ፣ ተቋራጩ ተቀጥሮ፣ ካሜራው ታዝዞ ካበቃ በኋላ የሚመጣ ቅጽ የመጀመሪያውን መርሕ አያሟላም። በወረዳው ውስጥ በብዛት በሚነገሩ ቋንቋዎች አንድ አንቀጽ ያህል ማጠቃለያ ማውጣትም የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ የክትባት ማስታወቂያ በአማርኛና በትግርኛ ማውጣት የቻለ አገር የመንገድ ማስታወቂያ ማውጣት ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ይህን ስል መኪና ይቅደም ከሚሉት ወገን አለመሆኔም ይታወቅልኝ። በልጆች መግቢያና መውጫ ሰዓት መኪና የሚከለከልባቸው የትምህርት ቤት መንገዶች መልካም ናቸው፤ በአስፋልቱ መሐል የሚሄዱትን ልጆች ያየ ሰው የሚከራከርበት አይመስለኝም። ሾፌሮቻችን የከተማውን የመጨናነቅ ክፍያና የበካይ መኪኖች ክፍያ በካውንስሉ ላይ ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ እነዚህ የለንደን ከንቲባው ጉዳዮች ናቸው፣ ለካውንስሉ መጻፍ ዋጋ የለውም።

ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። አማርኛ ተናጋሪዎች በብዛት የሚኖሩባቸው የለንደን ካውንስሎች በየጊዜው የሚያወጧቸውን የትራፊክ ማስታወቂያዎች፣ የመንገዱን ስም፣ የታሰበውን ክልከላና የተቃውሞው ጊዜ የሚያበቃበትን ቀን ብቻ በአጭሩ የሚገልጽ አንድ ጥግ እንድትሰጡ እጠይቃለሁ። ማስታወቂያዎቹ በለንደን ጋዜት ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ናቸው። ከየወረዳው አንድ አንድ ሰው ከተገኘ ዝርዝሩን በአማርኛ አጠናቅሬ በየሁለት ሳምንቱ ለዝግጅት ክፍሉ ለመላክ ፈቃደኛ ነኝ፤ 21 ቀን አጭር ጊዜ ስለሆነ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ የዘገየ እትም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ከለንደን፣ የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ